አራተኛው መርፌ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ነበር። መቅረጫ መሣሪያው በእያንዳንዱ ምስል ጥግ ላይ ሰዓቱን ስለሚያትም በዚህ ላይ ክርክር የለም። መፍቻ ምስሉን አይታ መጀመሪያ ፈገግ አለች። አራቱ ጉብታዎች በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስል ቁመታቸው አንድ ልክ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ከጉብታዎቹ ሥር ወዳሉት ቁጥሮች ወረደ፤ ፈገግታዋም ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

መፍቻ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ከጋውኗ ኪስ መፍቻ ተለይቶ ስለማያውቅ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ያወጡላት ነው። ቆይቶ ቆይቶ ራሷም ስልክ ስታነሳ «መፍቻ ነኝ» ማለት ጀመረች። ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል ስታቋርጥ ምድር ቤት ወዳለው ወደዚህ ቤተ ሙከራ ያስገባት ታላቅ ወንድሟ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል፤ የፊዚክስ ዶክተር ነው። እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፤ ባልደረቦቹ ደግሞ በሌለበት «አባ ሞገድ» ይሉታል። እሱ ያሰበውን እሷ ትሠራለች፤ ስትበይድ፣ ስትገጥም፣ ስታፈስና ስትደፍን ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱም አላገቡም። «ያገባነው ቱቦውን ነው» ይላል ጋሼ፣ ሲቀናው።

ቱቦው ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ተኝቷል። ከመስታወት የተሠራ ነው፤ ሰው እግሩን ዘርግቶ ሊተኛበት ይችላል። መፍቻ ጠዋት ጠዋት አየሩን በፓምፕ ትመጥጥና ጥቂት ጋዝ ታስገባለች፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ትለቅበታለች። አተሞቹ ከኤሌክትሮኖቻቸው ይፋታሉ፤ ጋዙ ወይን ጠጅ ብርሃን ያበራል። ሊቃውንቱ ፕላዝማ የሚሉት ይህንን ነው። ከቱቦው አንድ ጫፍ የሽቦ ወንፊት አለ፤ ወንፊቱ በኤሌክትሪክ ሲገፋ በፕላዝማው ውስጥ አንዲት ጉብታ ብቻዋን ተነስታ ትሮጣለች። ሶሊቶን የምትባል ሞገድ ናት፤ ጋሼ «ብቸኛዋ» ይላታል። በመንገዷ ላይ በስንዝር በስንዝር ርቀት አራት ቀጫጭን መርፌዎች ቆመው ይጠብቋታል። ስታልፍ ቁመቷን እየለኩ ይናገራሉ።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ቀይ መብራቱ ሲበራ በሩ በኤሌክትሪክ ይቆለፋል፤ ከውጭም ከውስጥም አይከፈትም። አንድ የዋህ ሰው ሳያንኳኳ ገብቶ መነካት የሌለበትን እንዳይነካ ነው። መብራቱ ከጠፋ በኋላም መሣሪያው ያጠራቀመው ኃይል እስኪፈስ አራት ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። መፍቻ በዚያ ማክሰኞ ምስሉን ይዛ የመጀመሪያዎቹን አራት ደቂቃዎች ያሳለፈችው በሩ ላይ ጀርባዋን ደግፋ ነው። መውጣት ፈልጋ ነበር። የት እንደምትሄድ ግን አላወቀችም።

ቁጥሮቹ እነዚህ ነበሩ። ሞገዷ ከአንደኛው መርፌ እስከ ሁለተኛው ዘጠና ሰባት ማይክሮ ሴኮንድ ወሰደባት። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ዘጠና ዘጠኝ፤ ከሦስተኛው እስከ አራተኛው መቶ አንድ። ርቀቱ እኩል ነው፤ እሷ ራሷ ናት በካሊፐር የለካችው። ስለዚህ ሞገዷ እየዘገየች ነበር።

ጋሼ ገና በሥራዋ የመጀመሪያ ሳምንት ያስተማራት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ረጅሟ ትፈጥናለች፣ አጭሯ ትዘገያለች። ከዘገየች አጥራለች፤ ካጠረች ጉልበቷን አጥታለች። ረግባለች ማለት ነው። ምስሉ ላይ ግን አራቱም እኩል ቆመዋል። እስካሁን የነበራቸው አሮጌ መሣሪያ አንዱን መርፌ ብቻ፣ በየተራ ነበር የሚያሳየው፤ ቁመት እንጂ የመድረሻ ሰዓት አያነጻጽርም። ይህ አዲሱ ለአንድ ሳምንት በውሰት የመጣ ነው፤ አራቱን በአንድ ላይ ሲያሳይ የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

ከምስሉ ዓይኗን አንስታ የየመርፌውን ንባብ የሚያጎሉትን ማጉያዎች አየች። አራት ማጉያ፣ አራት ማዞሪያ፣ በየማዞሪያው ላይ በእርሳስ ያደረገችው ምልክት። አንደኛው አንድ ላይ ነው። ሁለተኛው አንድ ነጥብ አራት፣ ሦስተኛው ሁለት፤ አራተኛው ወደ ሦስት ተጠግቷል። ቆሌዋ ተገፈፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የፓምፑ ዘይት እየተነነ ወደ ቱቦው ይመለስና መርፌዎቹን ይቀባቸው ጀመር። የተቀባ መርፌ አሳንሶ ይናገራል። መፍቻ አንድ ዘዴ ፈጠረች። በየጠዋቱ አንዲት ሞገድ ትለቃለች፤ አራቱም መርፌዎች እኩል ቁመት እስኪያሳዩ ድረስ ማዞሪያዎቹን ታስተካክላለች፤ ከዚያ የቀኑ ሥራ ይጀመራል። አራተኛው መርፌ ሁልጊዜ ከሌሎቹ በላይ ማጉላት ይፈልግ ነበር። ለፓምፑ የሚቀርበው እሱ ስለሆነ ዘይት በዝቶበት ነው ብላ አንድም ቀን አልጠረጠረችም። ጋሼ ሲጠይቃት «መርፌዎቹን አስተካክያለሁ» ትለዋለች፤ እሱም «ጎሽ» ይላታል። ስድስት ዓመት ሙሉ «አስተካክያለሁ»፣ ስድስት ዓመት ሙሉ «ጎሽ»።

አንድ ነገር ቀርቷት ነበር፤ ተስፋ የምትለው እሱን ነው። በቱቦው በሌላኛው ጫፍ፣ በፓምፑ በኩል፣ ማንም ተጠቅሞበት የማያውቅ ሁለተኛ ወንፊት አለ። ሞገዷን ከዚያ በኩል ብትለቃትስ? አራተኛው መርፌ እውነት ዘይት የተቀባ ከሆነ አሁንም አሳንሶ ይናገራል። ገመዱን ነቅላ አዞረች፤ አራቱንም ማዞሪያዎች አንድ ላይ አደረገች። ቀዩን መብራት አበራች። በሩ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ።

አራተኛው መርፌ ከሁሉም ረዝሞ ቆመ። ትንሹ አንደኛው ነበር። ጉብታዎቹ እንደ ደረጃ ወርደው ወርደው፣ የመጨረሻው ጎኑ ሰፍቶ ወገቡ ጎብጦ ነበር።

መፍቻ የሠራተኛ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ቱቦው መብራቱን እያበራ ያንጎራጉራል። ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ጋሼ ስለ ሞገዷ የጻፈውን ለሚያትመው የፊዚክስ መጽሔት የመጨረሻውን እሺታ መላክ አለበት፤ ከላከ ጽሑፉ ይታተማል። የጽሑፉ ርዕስ «ጉልበቷን የማታጣ ብቸኛ ሞገድ» ነው።

*

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጋሼ ልቡ ከደከመ፣ እግሩ ካበጠ ጀምሮ በእግሩ አልወረደም። ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ቤት የሄደው ከአምስት ወር በፊት በወንበር ተሸክመውት ነበር፤ ሐኪሙም ስለ ደረጃው ሰምቶ «ዳግም እንዳታወርዱት፣ እኔ እመጣለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ የጋሼ ዓለም አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮትና ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለ የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ሆነች። የመፍቻም ዓለም ከዚያ ብዙ አትሰፋም። ጠዋት ከአራተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት፣ ማታ ከምድር ቤት ወደ አራተኛ ፎቅ። በመሃል ያለው መንገድ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ዳቦም መድኃኒትም የምትገዛው በዚያ ውስጥ ነው።

ቀን ቀን ጋሼን የሚጠብቁት የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረው ዓይናቸው ሲደክም የተዉ፣ ምላሳቸው ግን ያልደከመ ሴት።

«መጣሽ?» አሉ መፍቻ በሩን ስትከፍት፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ። «ይኼ ወንድምሽ ከጠዋት ጀምሮ ስለ አውቶቡስ ሲያደርቀኝ ዋለ። የት ሊሄድ ነው ብዬ ግራ ገባኝ።»

«ስለ ሞገድ ነው የነገርኩዎት፣ እትዬ» አለ ጋሼ ከአልጋው።

«አውቶቡስ አላልከኝም?»

«በምሳሌ ነው።»

«አዬ! በምሳሌ ካልሆነማ በእግርህ የት ልትደርስ!»

ጋሼ ሳል እስኪያፍነው ድረስ ሳቀ። መፍቻ ትራሱን አቀናችለት፤ ውሃ ሰጠችው። ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን ያበራ ነበር።

አውቶቡሱን እሷ በቃሏ ታውቀዋለች። ሞገዷ አውቶቡስ ናት። በፕላዝማው ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ደግሞ መንገዱን የሞሉ ሯጮች ናቸው። በጣም ቀርፋፋውና በጣም ፈጣኑ ከአውቶቡሱ ጋር ጉዳይ የላቸውም። ከእሱ ፍጥነት ትንሽ ያነሱት ግን እጀታውን ይዘው ይንጠለጠላሉ፤ እየተጎተቱ ጉልበቱን ይበሉታል። ትንሽ የፈጠኑት ደግሞ ከኋላ ደርሰው ይገፉታል። ችግሩ፣ ተንጠልጣይ ሁልጊዜ ከገፊ ይበዛል። ስለዚህ አውቶቡሱ ከማንም ሳይጋጭ፣ ጎማው ሳይተነፍስ፣ እንዲያው ይደክማል። ጋሼ ያገኘው፣ አገኘሁ ያለው፣ ተንጠልጣዩና ገፊው እኩል የሚሆኑበትን ሁኔታ ነበር።

«ምስሉስ?» አላት። «አራቱን ባንድ ላይ አነሣሽልኝ?»

ምስሉ ጋውኗ ኪስ ውስጥ አራት ታጥፎ ነበር።

«መሣሪያው ገና ነው፣ ጋሼ። አዲስ ስለሆነ አልገባኝም።»

«አንቺ? አንቺ መሣሪያ አልገባሽም?» ወደ እትዬ ዞረ። «ይህቺ ልጅ በሦስት ዓመቷ የቤታችንን ሬዲዮ ፈታ ገጥማዋለች።»

«ሲገጠም ሠራ?»

«አልሠራም። ግን አንድም ብሎን አልተረፋትም።»

እነሱ ሲሳሳቁ እሷ ወጥ ቤት ገባች፤ ቧንቧውን ከፍታ ያለ ምክንያት እጇን ስትታጠብ ቆየች።

*

ረቡዕ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ሴትየዋ ደረጃ ሲወርዱ ጫማቸው ከሩቅ ይሰማል፤ መፍቻ ቀዩን መብራት አጥፍታ አራቱን ደቂቃ ስትቆጥር እሳቸው ከበሩ ውጭ ቆመው ያወራሉ።

«አንቺ መፍቻ! በሕይወት አለሽ?»

«ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ ይቀራል!»

«እስር ቤት ጥየቃ የመጣሁ መሰለኝ እኮ!»

ገብተው በቱቦው ዙሪያ ተመላለሱ። የመጡት ለመልካም ዜና ነው። ጽሑፉ ከታተመ ክፍሉ ለሦስት ዓመት ይጸናል፤ አንድ ተጨማሪ ሠራተኛም ይቀጠራል። ካልታተመ ግን ይህ ቦታ በዓመቱ መጨረሻ ለሌላ ሥራ እንደሚፈለግ መፍቻም ታውቃለች።

ሁለቱን ምስሎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው። ማዞሪያዎቹንም አሳየቻቸው። ኃላፊዋም ፊዚክስ የተማሩ ናቸውና ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ምስሎቹን አንድ በአንድ አንስተው አዩ።

«ለእሱ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ሐኪሙ ምን ነበር ያለው?»

«አይደንግጥ፣ አይበሳጭ።»

«እንግዲያው መልሱን ሐኪሙ ራሱ ሰጥቶሻል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ። ዓርብ ትለፍ። ይታተም፣ ደስ ይበለው። ከወራት በኋላ እርማት እንልካለን። እርማት የሚልክ ስንት አለ መሰለሽ! እሱም በዚያን ጊዜ...» አልጨረሱትም።

«በዚያን ጊዜ ምን?»

«አታስጨርሺኝ።» ወደ በሩ ሄደው ተመለሱ። «ካልታተመ ይህንን በር የምዘጋው እኔ ነኝ። ወድጄ እንዳይመስልሽ።»

የጫማቸው ድምፅ ርቆ እስኪጠፋ መፍቻ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ያሉትም ሁሉ ልክ ነበር። ብትነግረው ልቡን ልታቆመው ትችላለች። ባትነግረው በስሙ ሐሰት ይታተማል፣ ያውም የእሷ እጅ የሠራው ሐሰት። አንድ ቀን ሌላ አገር ያለ አንድ ተማሪ መርፌውን ጠርጎ ይለካና «እኚህ ሰውዬ ምን ነካቸው?» ይላል። በዚያን ጊዜ ጋሼ መልስ መስጫ አፍ የለውም። በየትኛውም በኩል ብትዞር ግድግዳ ነበር። ያን ዕለት ምሳ አልበላችም፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ለመፈተን ሞገድ ለቀቀች። ሁለቱም ጊዜ ረገበች።

*

ሐሙስ ከሥራ መልስ ጋሼ ደህና ነበር፤ ጺሙን እንኳ ተላጭቷል። እትዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የአንሶላ ጠርዝ ይጠልፋሉ። ከመጽሔቱ የመጣው የመጨረሻ ረቂቅ አልጋው ላይ ነው።

«ዓይኔ ሰልችቷል፣ እታለም» አላት። እታለም የሚላት ሲለምናት ነው። «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። ስህተት ካለ እኔ በጆሮዬ አገኘዋለሁ።»

ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። መግቢያውን አነበበች። ቱቦውን የሚገልጸውን አነበበች፤ የበየደችው፣ የገጠመችው ሁሉ በሊቅ ቋንቋ ተጽፎ ነበር። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ብርድ ልብሱን መታ መታ ያደርጋል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረሰች።

«የአራቱ መርፌዎች ንባብ እርስ በርሱ የተስተካከለው...»

ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ቀጥይ።»

«የተስተካከለው ከሚለካው ሞገድ...»

«ነጻ በሆነ ዘዴ ነው» ብሎ ራሱ ጨረሰው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ቀጥይ እንጂ።»

«ጋሼ፣ ይኼን ማን ነገረህ?»

«የቱን?»

«ነጻ በሆነ ዘዴ የሚለውን።»

ዓይኑን ገለጠ። «አንቺ ነሻ። አስተካክያለሁ አላልሽኝም?»

«አስተካክያለሁ ነው ያልኩህ። በምን እንዳስተካከልኩ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

የእትዬ መርፌ ቆመ። ጋሼ እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ወሰደባት፤ እንደማያነበው እያወቀ አየው።

«በምን ነው ያስተካከልሽው?»

«በራሷ። ጠዋት ጠዋት አንዷን እለቅና አራቱን እኩል አደርጋቸዋለሁ።»

ከዚያ ፊቱ ቀላ፤ መፍቻም የመድኃኒቱን ጠርሙስ ለማንሣት ብድግ አለች።

«ተቀመጪ!» አላት። እንዲህ ጮኾባት አያውቅም። «አይሆንም። አራተኛው ዘይት አለበት፤ ለፓምፑ ቅርብ ነው። አንቺ ያጎላሽው ዘይቱን ለማካካስ ነው።»

«እኔም እንደሱ ነበር የማስበው።»

«ከሌላው ጫፍ ልቀቂና እዪው! ነገ ጠዋት ከሌላው ጫፍ...»

«ለቅቄ አይቻለሁ። ማክሰኞ።»

ከኪሷ ሁለቱን ምስሎች አውጥታ ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት። ከመጨማደዳቸው የተነሳ እንደ አሮጌ ደብዳቤ ሆነዋል። አንደኛውን አየ፤ ሁለተኛውን አየ። መነጽሩን ጠየቀ፤ ደግሞ አየ። የመድረሻ ሰዓቶቹን በጣቱ ነካቸው። ዘጠና ሰባት። ዘጠና ዘጠኝ። መቶ አንድ።

«ማዞሪያዎቹ?» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ተመልሶ ነበር።

«አንድ፣ አንድ ነጥብ አራት፣ ሁለት፣ ሁለት ነጥብ ስምንት።»

«በየስንዝሩ አንድ አንድ ሦስተኛ ገደማ ትጥላለች።» ከንፈሩን ነከሰ። «ተንጠልጣዮቹ ናቸው። እንደማንኛዋም ሞገድ።»

እትዬ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዩ ቆይተው ነበር። «እኔ ትምህርቱ የለኝም» አሉ። «ግን ከሰማሁት፣ ሜትሩን በልብሱ ልክ ቆርጣችሁ ነዋ መልሳችሁ ልብሱን የለካችሁት!»

ጋሼ ወደ እትዬ ዞሮ ትክ ብሎ አያቸው።

«አዎ፣ እትዬ» አለ። «ልክ እንደሱ ነው ያደረግነው።»

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መፍቻ እራት አቀረበች፤ አልነካውም። መድኃኒቱን ሰጠችው፤ ዋጠ። እትዬ ሲወጡ «ይድረቅ ይኼ አፌ» እያሉ ሲወርዱ ደረጃው ላይ ሰማቻቸው። በዚያች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አንዱ ለሌላው የሚርቅበት ቦታ አልነበረም። እሷ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ እሱ አልጋው ላይ፣ በሩ ክፍት፤ የእሱን ትንፋሽ እየቆጠረች ተቀመጠች። ሲረዝም ትነሣለች፤ ሲያጥርም ትነሣለች።

*

ዓርብ ጠዋት በአንድ ሰዓት ጠራት። ተቀምጦ ነበር፤ ራሱ ነው ተቃንቶ የተቀመጠው።

«ወረቀት አምጪ። ደብዳቤ እንጽፋለን።»

እሱ ሲናገር እሷ ጻፈች። ጽሑፉን ማተሙን እንዲተዉና በምትኩ ይህንን ደብዳቤ እንዲያወጡ፤ የመርፌዎቹ ንባብ የተስተካከለው በሚለካው ሞገድ በራሱ ስለነበር የሞገዱ መርገብ እንዳይታይ መደረጉን፤ ሞገዱ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ጉልበቱን እንደሚያጣ። ስድስት መስመር ሆነ።

«‘ረዳቴ በፈጸመችው ስህተት’ የሚል ጨምርበት» አለች።

«አልጨምርም።»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ አንተ ምን አድርገህ?»

«አልጠየቅኩሽም። አለመጠየቅ የእኔ ነው።»

«ጋሼ፣ እውነቱን እንጻፍ ካልክ እውነቱ ይኼ ነው!»

ረቂቁን አንስቶ የመጀመሪያውን ገጽ አሳያት። ከርዕሱ ሥር አንድ ስም ብቻ ነበር፣ የእሱ። «የት አለሽ?» አላት። «ቱቦውን የሠራሽው አንቺ፣ መርፌውን ያስገባሽው አንቺ። አምስት ወር ሙሉ እኔ እዚህ ተኝቼ እጄም እግሬም አንቺ። ሲሳካ ያልጠራሁሽን ሲበላሽ ልጥራሽ? ሰው ምን ይበለኝ ብለሽ ነው?»

መፍቻ ይህንን ከዚህ ቀን በፊት አስባው አታውቅም። ሊቃውንት ይጽፋሉ፣ ሠራተኛ ይሠራል፤ ነገሩ እንደዚያ ነው ብላ ነበር የኖረችው። አሁን ግን ገጹን ወደ ራሷ ሳበችው።

«እንግዲያው ጻፈኝ» አለች።

«መሰረዣው ደብዳቤ ላይ?»

«አዎ።»

«ለዘላለም የሚቀመጥ ነው፣ እታለም። ሰው ስምሽን ሲፈልግ የሚያገኘው ይኼንን ብቻ ነው። መፍቻ ብለሽ አትፈርሚም፤ የአባታችን ስም ያለበት ስምሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ከመስኮቱ ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ ፀሐይ ደርሳ ነበር።

«ሌላ ጽሑፍ የለንም» አለ። እስክሪብቶውን ከእጇ ወስዶ በራሱ እጅ ደብዳቤው ላይ ከስሙ ቀጥሎ ስሟን ጻፈ። ከዚያ እሷ ፈረመች።

አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ቢሮ ላከችው። ኃላፊዋ ከኋላዋ ቆመው አነበቡት። «ሁለታችሁም እብዶች ናችሁ» አሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እሱ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። «ቁርሱን በልቷል» አለቻቸው።

በቀሩት ቀናት ጋሼ የመፍቻን ማስታወሻ ደብተሮች አስመጣ። በየጠዋቱ የጋዙን ግፊትና የአራቱን ማዞሪያዎች ቁጥር ትጽፍባቸው ነበር፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። እሱ ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቶ ቁጥር በቁጥር ወደ አንድ ሰንጠረዥ ገለበጣቸው። «አየሽ» አላት አንድ ቀን፣ «ሞገድ እንዴት እንደሚረግብ በየቀኑ ስትለኪ ኖረሻል። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር!» እትዬ ናቸው መጀመሪያ የሳቁት፤ ከዚያ እሱ፤ መፍቻ መጨረሻ ላይ ሳቀች፣ ደግሞም አለቀሰች። ሰንጠረዡን አልጨረሰውም። አራተኛውን ዓመት ሊጀምር ሲል ደከመው።

ደብዳቤው ከተላከ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ አረፈ። መፍቻ ውሃ ልታመጣለት ወጥ ቤት ገብታ ነበር።

ስድስቱ መስመሮች ጋሼ ካረፈ ከአራት ወር በኋላ በመጽሔቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ወጡ፤ ከሥራቸው ሁለት ስም አለ። ምድር ቤቱ ተዘግቷል፤ መፍቻ አሁን በአንድ ሆስፒታል የማቀዝቀዣ ክፍሎችን ትጠግናለች።